ለውሰት የተፈቱ ጎማዎች

ውድ እታለም፣

መኪናሽ ድንጋይ ላይ ቆማለች። ከሰው አፍ ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ ብዬ ነው። ከየትኛው ሰው እንደምትሰሚ አትጠይቂኝ፤ ከሞትሽ ወዲህ እንዲህ ያለ ውል የሌለው ነገር ማሰብ ለምዶብኛል።

ነገሩ የጀመረው ከአባባ የዳቦ መኪና ነው። የፊት ቀኙ ቸርኬ፣ ጎማውን የሚሸከመው ብረት፣ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ተሰነጠቀ። የቀሩትም ድሮ የተጣመሙ ስለሆኑ ማታ የተነፋው ጎማ ጠዋት ተኝቶ ይገኛል። ጎሚስታው አንድ በአንድ ፈትቶ አያቸውና "እነዚህ አልቆላቸዋል። የዚህ ሞዴል ቸርኬ ደግሞ በመብራት ቢፈለግም አይገኝም" አለ። ከዚያ በግቢው በር በኩል ያንቺን ትንሽ መኪና አየት አደረገና አንገቱን ደፋ። እሷም ባለ አራት ብሎን ናት፣ የአባባም ባለ አራት ብሎን ነው። ሁላችንም እናውቃለን። እማማ ግን "ውሃ ላምጣልህ?" አለችው፤ ሰውየው ሳይጠማው ጠጣ።

ቅዳሜ ጫማዬን ሳጥብ አባባ አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለ።

"ልጄ፣ ያንተን ቃል ነው የምጠብቀው።"

"ስለምኑ?"

"ስለ እሷ ጎማዎች። አንተን ከከፋህ አልነካቸውም።"

እኔን የጠየቀኝ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የምገባው ቤት ሳይሆን መኪናሽ ውስጥ ነው። ተማሪዎችሽን መንዳት ስታስተምሪ የምትቀመጪበት ወንበር ላይ ሆኜ፣ "እትዬ ፍሬን" ያሰኘሽን ያንን ትርፍ ፔዳል ረግጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ሌላ ቦታ ሒሳብ አይገባኝም። እዚያም ቢሆን ብዙ አይገባኝም። ግን አንድ ቀን ሞተሯ ተነስቶ የምትሄድ ይመስለኛል፤ ያለ ጎማ ደግሞ የትም አትሄድም።

"ላስብበት" አልኩት። በእኛ ቤት "ላስብበት" ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

አባባ አልተጫነኝም። ጋሪ ለመነና ዳቦውን በእጁ እየገፋ ሱቅ ለሱቅ ማዳረስ ጀመረ። "እንዲያውም ተስማማኝ፣ ቦርጬ ጠፋ" ይላል። ቦርጭ ኖሮት ያውቃል እንዴ?

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ከክፍሌ ልጆች ጋር የትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ቆመን ሳለ ዳቦ የጫነ ጋሪ ዳገቱን ሲወጣ አየን።

"ይሄ ዳቦ እስኪደርስ ይደርቃል!" አለ አንዱ።

"ዳቦውን ተወው፣ ሰውየውስ ደርቆ የለ እንዴ!" አለ ሌላው።

ሳቁ። አባባን የሚያውቅ ልጅ በክርኑ ጎሰም ሲያደርጋቸው ሁሉም ጸጥ አሉ። ከሳቃቸው ይልቅ ዝምታቸው ነው ያመመኝ። አባባ መሃል ዳገት ላይ ቆሞ በእግሩ ድንጋይ ጎትቶ ከጋሪው ጎማ ሥር ወሸቀ። ደረቱን ጋሪው ላይ አስደግፎ ተነፈሰ። ከዚያ ድንጋዩን አውጥቶ ቀጠለ። እኛን ቀና ብሎ አላየንም።

የዚያን ዕለት ቤት እንደገባሁ ቦርሳዬን ጥዬ መኪና ማንሻውን ክሪክ አወጣሁ። ብሎኖችሽ ግን በጄ አላሉም። ስታጠብቂ መፍቻው ላይ ትወጪ አልነበር? እኔም ወጥቼ ዘለልኩበት።

"ምን ነካህ አንተ ፌንጣ!" አለ አባባ ከበሩ ሲገባ።

"ውሰት ነው አባባ። የኛ ቸርኬ እስኪገኝ።"

ትንሽ አየኝ። "ውሰት ነው" አለ እሱም፣ እጅጌውን እየሰበሰበ።

"ውሰት ከሆነ ብሎኖቿን እንዳትበትኑባት!" አለች እማማ ከኩሽና መስኮት። ሦስታችንም ያቺን ቃል እንደ ምርኩዝ ያዝናት።

ግን አልገጠመም። አራቱ ቀዳዳዎች ልክ ናቸው፤ ችግሩ መሃሉ ነው። ጎማው የሚሰካበት ክብ ብረት፣ የጋራዥ ሰዎች ሞዞ የሚሉት፣ በአባባ መኪና ላይ ካንቺ ቸርኬ መሃል ቀዳዳ በጥፍር ውፍረት ይበልጣል። አባባ በመዳፉ መታው፤ በቡጢ መታው። "እንቢ አለች፣ እንደ ባለቤቷ" ብሎ ግንባሩን ጎማው ላይ አሳረፈ።

ብረት በማሽን እየተቆረጠ ወደሚስተካከልበት ቶርኖ ቤት ወሰድነው። ባለቤቱን ጋሽ ጆሮ ይሏቸዋል። ማሽኑ ጆሯቸውን ስለበላው ሰላምታም በጩኸት ነው፤ ከእሳቸው ጋር ምስጢር ያወራ ሰው መንደሩን ሁሉ ሰብስቦ እንዳወራ ይቁጠረው። ቸርኬውን ማሽኑ ላይ አሰሩና ለኩ።

"ይሰፋል! ቀላል ነው! ግን ከሰፋ ወዲያ ለትንሿ መኪና አይሆንም! ይላወሳል፣ መሪዋን ያንቀጠቅጣታል!"

አባባ እጁን ሰድዶ ቸርኬውን መፍታት ጀመረ።

"ይተዉት ጋሼ። የውሰት ነው።"

"ምን?"

"የውሰት ነው!"

"የማን?"

"የልጄ!"

"ታዲያ እሷን ጠይቋታ!"

አባባ ቸርኬውን መፍታቱን ቀጠለ። እኔ "እህቴ የለችም" አልኩ።

"ምን አልክ?"

"የለችም።"

"አይሰማኝም ልጄ፣ ጮክ በል!"

"ሞታለች!" ብዬ ጮህኩ።

መንገደኛው ሁሉ ዞረ። እታለም፣ ቃሉን በአፌ ያወጣሁት ያን ጊዜ ነው። ለቅሶው ላይ እንኳ አላልኩትም። ጋሽ ጆሮ ማሽኑን አጥፍተው በግራሶ የጠቆረ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። እኔም እዚያው ቆሜ ገባኝ። የተዋሱት የሚመለሰው ባለቤቱ ሲመጣ ነው። እኛ ለማን ነው የምንመልሰው? አባባ ደግሞ ቸርኬውን ሊያወርድ ነው፤ እኔ እንዳይከፋኝ ብሎ ያንን ዳገት ዕድሜ ልኩን ሊገፋ ነው።

"ይቁረጡት" አልኳቸው። ይህንንም ጮክ ብዬ ነው።

አባባ አላየኝም። የፈታውን መልሶ በገዛ እጁ አሰረው።

አራቱም ሰፍተው ተገጠሙ፤ አሁን የዳቦ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ያ ዝገታም መኪና ባንቺ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ ሲመጣ ባለ ሱቆቹ "ሙሽራው መጣ!" ይሉታል። አባባ ይስቃል። መሳቁን ልነግርሽ ፈልጌ ነበር።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ከመኪናሽ ኋላ ቅያሪው ጎማ አለ። እሱን አባባ አላስነካም። "ይቺ እንኳ ለእሷ ትቅር" አለ፤ እኔም ደስ አለኝ። ባለፈው ማክሰኞ ከከተማ ወጣ ብሎ ጎማ ፈነዳበት። የሚገጥም ቅያሪ ስለሌለው ከነዳቦው እስከ ቀትር መንገድ ዳር ቆመ። ስልክ ደውሎ "ደህና ነኝ፣ ነፋሱ ጥሩ ነው" ይለናል። ጎማው የቀረው ላንቺ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ድንጋይ ላይ ለቆመች መኪና ቅያሪ ምን ያደርግላታል? ለእኔ ነው የተወው።

አራቱን ስንወስድ አልነገርኩሽም። አምስተኛውን ግን ሳልነግርሽ አላወጣውም ብዬ ነው ዛሬ የጻፍኩት። ነገ ከትምህርት በኋላ ለብቻዬ አውጥቼ እየገፋሁ ወደ ቶርኖ ቤቱ እወስደዋለሁ። መንገዱ ቁልቁለት ነው። ቀድሞኝ እንዳይሮጥ በሁለት እጄ ይዤ፣ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ።

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ