ከጣት የማይለቅ ቀለም

እስከዳር ልጄ፣ በሰው አገር ማርያም ጥላ ከለላ ትሁንሽ። እኛ ደህና ነን፤ ገብሱም አምሯል።

የኩፍኝ ክትባት ሲመጣ የቀበሌው ሹም «የተከተበ ልጅ ጣቱን ቀለም ይቀባል፤ ያልተቀባ ልጅ ያለበት ቤት የእርዳታ ስንዴ አያገኝም» አለ። እኅትሽ አገርነሽ «ደግ ነገር ቢሆን በስንዴ ያስፈራሩን ነበር?» ብላ፣ ከመሪጌታ የብራና መጻፊያ ቀለም ለምና የልጇን ጣት ቀባች።

አሁን ኩፍኙ ጎረቤት ገባ። «ጤና ጣቢያ ውሰጂውና ይከተብ» ብላት፣ «አታለልሽን ብለው ያስሩኛል» ትላለች።

አንቺን ትሰማለችና ደውዪላት። ግን ለምኛት እንጂ አትዘዣት፤ በትእዛዝ የመጣውን አይተነዋል።

አምላክ ሕፃኑን ይጠብቅልን፣ ዓይንሽን ለማየትም ያብቃኝ። ፍጠኝ ልጄ፤ ገላውን ባጠብኩት ቁጥር ያ ቀለም አልለቅ ይላል።

እናትሽ