ቀለበትህ እኔ ጋ ነው

ውድ ታዴ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ እንዳልጀምር መልስ የለህም፤ የት ነህ ብዬ እንዳልጠይቅ ደግሞ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። ከተለያየን አራተኛውን ዓመት ይዘናል። ሦስቱን ዓመት ቢያንስ የት እንደተኛህ አውቅ ነበር። አሁን እሱም ቀርቷል፤ ነገሩን ከሌላ ሰው ከምትሰማ ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። አትላንታ ዳር፣ ሊልበርን ያለው ቤታችን ቆሟል። የጓሮው ጎመንህ ግን ከአንተ በኋላ አልሆነልኝም፤ አረም ዋጠውና ትቼ ሣር አደረግኩት። ልጃችን ሜሮን ኖርክሮስ አፓርታማ ተከራይታ ወጥታለች። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ትመጣና ሰላም ሳትለኝ ፍሪጁን ትከፍታለች፤ መብላቴን ማጣራቷ ነው። መኪናህን የምነዳው እኔ ነኝ። አሁንም ሃይዌይ ላይ የቀኙን መስመር ይዤ እንደ ቀብር መኪና ነው የምሄደው፤ ሳቅ እንግዲህ። ለሜሮን ምርቃት የገዛኸው ጥቁር ሱፍ ቁም ሳጥኑ ውስጥ እንደተሰቀለ ነው። ወደ ሱፉ እመለሳለሁ።

ሃሪኬን የሚሉት የባሕር አውሎ ነፋስ የመጣ ዕለት እዚህ አትላንታ ዝናብና ነፋስ ብቻ ነበር። የጎረቤት ዛፍ አጥራችን ላይ ወደቀ፣ መብራት ጠፍቶ ዋለ፣ በዚያው አለፈ፤ እኔም ተመስገን አልኩ። መብራት ሲመጣ ቴሌቪዥን ከፈትኩና ፍሎሪዳ ያለችውን የእኛን ከተማ ከላይ ሲያሳዩ አየሁ። የሱቃችንን ቀይ ጣሪያ ፈለግኩት። የነበረበትን መንገድ እንኳ መለየት አቃተኝ። ያን ሁሉ ስፈልግ መቃብርህ ትዝ አላለኝም። የሞተን ሰው ውሃ ይወስደዋል ብሎ ማን ያስባል?

እዚያ ለምን እንደተቀበርክ እኔና አንተ እናውቀዋለን። አሰብ ወደብ ያደግክ ሰው፣ አባትህ ክሬን ላይ ተቀምጠው መርከብ ሲያራግፉ እያየህ ያደግክ ሰው፣ አትላንታ ዳውንታውን ከመሬት በታች ስንት ዓመት የሰው መኪና ፓርክ ስታደርግ ኖርክ። ፍሎሪዳ ባሕር ዳር ያቺን ሱቅ ስንይዝ ፊትህ እንዴት እንደተለወጠ አልረሳውም። በረዶ፣ ዳቦና የዓሣ ማጥመጃ ትል የምንሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረች፤ አንተ ግን ወደብ የተሾምክ ይመስል ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆመህ የሚወጡትን ጀልባዎች በስማቸው ትቆጥር ነበር። ታመህ አትላንታ ሆስፒታል ስትተኛም ያልከኝ አንድ ነገር ነው፤ የጀልባ ሞተር የሚሰማበት ቦታ አስተኙኝ አልክ።

ሽማግሌዎቹ አልወደዱትም ነበር። ከወገን ተለይቶ፣ ደጀ ሰላም በሌለበት አገር እንዴት ይቀበራል ብለው ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ለመኑኝ። እኔ ግን ቃልህን አስበልጬ ወሰድኩህ። ከአትላንታ የተነሳው መኪና ሁሉ የሽሪምፕ ጀልባዎቹ መቆሚያ ላይ ተደርድሮ፣ እናቶች ነጠላቸውን ነፋስ እየቀማቸው ሲታገሉ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ኮፍያቸውን አውልቀው ያዩን ነበር። ብታየን ትስቅ ነበር። ዛሬ ከሽማግሌዎቹ «ብለን ነበር» ያለኝ አንድም የለም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

መንገድ ሲከፈት ከሜሮን ጋር ወረድን። ታዴ፣ ያቺ ከተማ የለችም። ጀልባ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ተቀምጧል፣ ቤት መንገድ መሃል ቆሟል፣ ፍሪጅና ፍራሽ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ሽታው ከመኪና ሳንወርድ ያዘን፤ የበሰበሰ ዓሣና ጭቃ። ከሱቃችን የተረፈው ሲሚንቶው ወለል ብቻ ነው። አንተ የሠራኸው የበሩ ደፍ አለ፤ ቆሜበት ባሕሩን አየሁት። ምንም እንዳላደረገ ሰው ጸጥ ብሎ ተኝቷል።

የሱቃችንን ጎረቤት ዶሪስን ቤቷ በነበረበት አገኘናት። አንተ እትዬ ዶሪስ እያልክ ስትጠራት አሜሪካዊቷ አሮጊት እትዬ ማለት የክብር ሹመት መስሏት ለሰው ሁሉ ታወራ ነበር። ቤቷ ሄዶ የድንጋይ ደረጃው ብቻ ቀርቷል፤ ወደ ምንም በማይወጣው ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። ኦይስተር የሚሉትን የባሕር ዛጎል ስትፈለቅቅ የኖረችበት ቢላዋ እንኳ አልተረፋትም። ልጇ ሊወስዳት እየመጣ ነው፣ ባሕር ወደሌለበት አገር። የሚመለስ ሰው ይኖራል ወይ ብዬ ጠየቅኳት፤ ወጣቶቹ ቀድመው ሄደዋል፣ የቀረነውም የምንሄድበት እስኪገኝ ነው አለችኝ። ከዚያ እጄን ይዛ፣ «መቃብሩ ጋ ሄዳችኋል? የእኔም ሰውዬ የለም» አለች።

ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

መቃብሩ የነበረበት መሬት ታርሶ የተተወ ይመስላል። ውሃው ከሥር ገብቶ የሲሚንቶ ክዳኑን ሁሉ ገልብጦታል። ሳጥኖቹ ተንሳፍፈው አንዳንዱ ዛፎቹ መሃል፣ አንዳንዱ ሰው ግቢ ውስጥ ተገኘ አሉ፤ ሌላው ወደ ረግረጉና ወደ ባሕሩ ሄዷል። ያንተን ቦታ አወቅኩት፤ ሜሮን አበባ የተከለችበት ማሰሮ እጀታ ጭቃ ውስጥ ይታይ ነበር። ጉድጓዱ ውሃ ይዟል። ሜሮን ጎንበስ ብላ ማሰሮውን ልታወጣ ስትታገል ክንዷን ይዤ አስቆምኳት። አወጣች አላወጣች ምን ይለወጣል።

ድንኳን ተክለው ቤተሰብ የሚያነጋግሩ የመንግሥት ሰዎች ነበሩ። ያነጋገረችን ሴት ደግ ናት፤ ውሃ ሰጠችን፣ አልቸኮለችም። ሳጥኑ ተሰብሮ አስከሬኑ ብቻ የተገኘ ስላለ፣ የምንለይበት ነገር ንገሩን አለች። ምን ዓይነት ሱፍ ለብሶ ነበር? ሱፍ አልለበሰም አልን። የአትላንታ የቀብር አገልግሎት ቤት ሴትዮ ሱፉን አምጡ ስትለን፣ አይ፣ የእኛ ሰው በነጭ አቡጀዲ ነው የሚገነዘው ብለን የመለስናት ትዝ አለኝ። ሰዓት? የለም። ፎቶግራፍ፣ የኪስ ቦርሳ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያኖራችሁት ማስታወሻ? የለም። አንገቱ ላይስ? ጥቁር ክር አለች ሜሮን። ሴትዮዋ ክሩ ላይ ምን እንደተንጠለጠለ ለመስማት ጠበቀች። ምንም አልተንጠለጠለበትም፤ ማተብ ነው፣ ክር ብቻ። ጣቱ ላይ ቀለበት ነበር ወይ አለች በመጨረሻ።

ሜሮን መልስ ከመስጠቷ በፊት እጄን አየችው። አንተ ስትገነዝ የንስሐ አባታችን አባ ከጣትህ አውልቀው በነጠላቸው ጠርገው የሰጡኝ ቀለበት፣ ስሜ በውስጡ የተቀረጸበት፣ አውራ ጣቴ ላይ ነበር። ሟች የዚህን ዓለም ነገር ይዞ አይሄድም፣ ደንባችን ነው፣ ማንም አላጠፋም። ግን ታዴ፣ እዚያ ድንኳን ውስጥ ሌላው ቤተሰብ ሁሉ ክራቫት፣ ሜዳሊያ፣ የእጅ ሰዓት ሲናገር፣ እኛ ያለ ምንም እንደሰደድንህ ተሰማኝ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ረግረግ ውስጥ ቢያገኝህ ማን መሆንህን የሚነግረው አንዲት ነገር የለችህም። ክሩም ውሃ ውስጥ የት ይቆያል።

ከሜሮን ለዘረ መል ምርመራ ምራቅ ወሰዱ፤ ከተገኙት ጋር እናመሳክራለን አሉ። ከወራት በኋላ ደወሉ። የተገኙት ሁሉ ባለቤት አገኙ፣ አባትሽ ከመሃላቸው የለም አሏት። የዶሪስ ባል ተገኝቷል፤ በቀበቶው መቆለፊያ ለዩት። ደስ ብሎኝ ደወልኩላት፣ ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። መፈለጉን አቁመዋል። መሬቱንም እንደገና ለመቃብር አንሰጠውም፣ ባሕሩ ተመልሶ ይመጣል ብለዋል።

ዘንድሮ ተዝካርህን እዚሁ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ አወጣሁ። ሰው ሞላ፣ በክርስትና ስምህ ጸሎት ደረሰልህ። መቃብር ኖረ አልኖረ እግዚአብሔር የነፍስህን ቦታ ያውቃል አሉኝ አባ። ያውቃል። እኔ ግን አላውቅም። እሳቸውን ላለማሳዘን አሜን አልኩ እንጂ ልቤ አልተጽናናም፤ ላንተ መዋሸት አልችልም። ሜሮን እዚህ ቦታ ገዝተን ሱፍህን እንቅበርና ስምህ ያለበት ድንጋይ እናቁም ትላለች። እምቢ አልኳት። ያላለበስንህን ሱፍ ቀብሬ ፊቱ ቆሜ አላለቅስም።

አልረሳህም ማለት ለእኔ ትንሽ ነገር ነው፤ መርሳቱንስ ማን ችሎበት። ቃል የምገባልህ ሌላ ነው። ባለፈው እሁድ ሜሮን ፍሪጁን ዘግታ ስትቀመጥ ነገርኳት፤ ለአባም እሷ ባለችበት ነገርኳቸው፤ ደንቡን ቢያውቁትም አልተከራከሩኝም። እኔን ሲገንዙኝ ሌላውን ሁሉ ያውልቁ፣ አውራ ጣቴ ላይ ያለውን ግን አይንኩት። ስሜ ያለበት ቀለበት ነው፣ ግን ያንተ ነው። ያን ቀን አንድ ላይ እንቀበራለን።

ያንተው
ሚስትህ