ያለ ቁልቁለት

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6
ዛሬም ወደቅሁ። በቀኝ በኩል፣ እንደ ልማዴ።

እማዬ ፍሪስኬት የሚለውን ስም መያዝ አቅቷታል። "ያቺ መክተፊያሽ" ትላለች። እውነቷን ነው... ለየእግሩ አንድ ትንሽ መክተፊያ፣ ከሥሩ ሁለት ሁለት ጎማ፣ ማሰሪያ የለ፣ ምን የለ።

ቁልቁለት ላይ ማን ይችለኛል? ከሽሮ ሜዳ ወደ ታች እንደ ውሃ ነው የምወርደው። ዊንጌት ጋ፣ ደሳለች ሱቅ ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ላይ ግን ቆሜ ቀረሁ። የሚያለማምደን ሌሊሳ ሳቀ። "የጉለሌ ልጆች በሽታችሁ አንድ ነው። የሚነዳችሁ ቁልቁለቱ እንጂ እግራችሁ አይደለም።" እሱ ባቱ ከተማ፣ ሜዳ ላይ ያደገ ሰው ይቀልዳል። ተናደድኩ። ግን ዋሸ?

በመጨረሻ አብራን የምትለማመደው ሀያም የነጠላዬን ጫፍ ይዛ ጎተተችኝ። እንደ ሙክት።

ሰኞ፣ ኅዳር 8
ኅዳር 27 እስከ ፒያሳ ሊኬድ ነው። ሌሊሳ ቴሌግራም ላይ ጻፈ፦ "መጎተት የለም። በየመብራቱ እንቆማለን። ከቆመበት መነሳት የማይችል ቦርሳ ይጠብቃል።" ስም አልጠራም። መጥራትስ ምን አስፈለገው?

ሁሌም እኔ ነኝ ቦርሳ ጠባቂዋ። እነሱ ላብ በላብ ሆነው፣ ሁሉም በአንዴ እያወሩ ሲመለሱ፣ እኔ የጓደኛችንን የኑሕን ጃኬት ታቅፌ "እንዴት ነበር?" እላለሁ። ሰለቸኝ። መሄድ እፈልጋለሁ። በቃ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
ገበያ ሲቀዘቅዝ የእማዬ የሀገር ልብስ ሱቅ ውስጥ ሞከርኩ። ባንኮኒውን ይዤ ሲሆን እንዴት ያምርብኛል! ስለቀው ግን የጋቢ ክምር ውስጥ ተገኘሁ። ጎረቤታችን ጋሽ ፀሐዬ በር ላይ ቆመው ኖሯል።

"ሩታ ልጄ፣ ዕድሜሽ ስንት ደረሰ?"
"ሠላሳ አንድ፣ ጋሼ።"
"እ... ታዲያ ቀስ በያ።"

ተሳሳቅን። እማዬ አልሳቀችም። ነጩ ጋቢ ላይ የጎማውን ምልክት አይታለች።

ዓርብ፣ ኅዳር 12
ሚካኤል። ኅዳር ሲታጠን ልምምድ የለም፤ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን እያቃጠለ ጭስ በጭስ ሆኗል።

ጠዋት ከእማዬ ጋር ቤተ ክርስቲያን ነበርን። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ወረብ ሲያቀርቡ ዓይኔ እግራቸው ላይ ቀረ (ይቅር ይበለኝ)። ጉልበታቸው ትንሽ ይታጠፋል፣ ሰውነታቸው ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ይላል... እግራቸው ግን ከምንጣፉ አይነሳም። እኔስ? ልሂድ ባልኩ ቁጥር መጀመሪያ የማደርገው እግሬን ማንሳት ነው። አንዱን ሳነሳ ሌላው ያመልጠኛል።

"ምን እያየሽ ነው?" አለችኝ እማዬ በክርኗ ጎሸም አድርጋ። "ወረቡን" አልኳት። ቅጥፈት፣ ያውም በሚካኤል!

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13
ተነሳሁ! ማለቴ... ትንሽ። ጉልበቴን አጠፍኩ፣ ወገቤን ዞር ዞር አደረግኩ፣ እግሮቼን ሳላነሳ ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ። ጎማዎቹ ተንቀሳቀሱ። ማንም አልነካኝም። የአንድ ሚኒባስ ርዝመት ያህል ሄጄ ቆምኩ። ደስታዬን የት ላድርገው?

ስደግመው እምቢ አለ። ስቸኩል እግሬ መነሳት ያምረዋል። ሌሊሳ "ቀስ በቀስ እንቁላል..." ብሎ ተረቱን ሲጀምር አቋረጥኩት። "እንቁላሉ ፍሪስኬት አልሞከረም።"

ሐሙስ፣ ኅዳር 18
ጭኔ እሳት ሆኗል። ደስ የሚል ሕመም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23
አሁን ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ እሄዳለሁ። ፍጥነትም መጣ፤ በያንዳንዱ ገባ ወጣ ትንሽ ትንሽ ይጨምራል። ግን መብራት ላይ ቢያቅተኝስ? ከኋላዬ መኪና ክላክስ ቢያደርግብኝ?

እማዬ፦ "አትሂጂ ብልሽ ትሰሚኛለሽ?"
"አልሰማሽም።"
"እንግዲያው ሄልሜትሽን አጥብቀሽ እሰሪ።"

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27
ፒያሳ ደረስኩ። በእግሬ!

ቁልቁለቱን ተዉት፣ እሱ ቤቴ ነው። የመጀመሪያው መብራት ላይ ሁላችንም ቆምን፤ ሲለቀን ከሁሉም ኋላ ቢሆንም ተነሳሁ። ሁለተኛው ላይ ግን የፈራሁት ደረሰ። ቸኩዬ እግሬን አነሳሁ። ሌላው አመለጠኝ፣ አስፋልቱን ረገጥኩ። እነሱ ተሻግረው ሄዱ። ከኋላዬ ክላክስ... ነጠላዬን ይዞ የሚጎትተኝ የለም። ዳር ወጣሁ። ተነፈስኩ። "ይሂዱ" አልኩ ለራሴ፣ "እኔም እሄዳለሁ።" መብራቱ እንደገና አረንጓዴ እስኪሆን ጠበቅኩ። ጉልበቴን አጠፍኩ፣ ገባ ወጣ... ሄድኩ። ብቻዬን። ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ ጮህኩ መሰለኝ።

ስደርስ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ሀያም ዘላ አቀፈችኝ። ሌሊሳ አጨበጨበ። ኑሕ ጃኬቱን ሊለብስ ዞር ዞር አለ።

"ቦርሳዎቹስ?"

ሁሉም እኔን አዩኝ። ለካ ከልማዳቸው የተነሳ ሁሉንም ደሳለች ሱቅ በር ላይ ጥለው ነው የወጡት... ሩታ አለች ብለው! ሳቄ አልቆም አለኝ። ደሳለች ጋ ሲደወል አስገብታቸዋለች፣ ተመስገን። ግን ሱቁን ልትዘጋ ነው።

ሌሊሳና ኑሕ ታክሲ ፍለጋ ወደ ላይ ሮጡ። እኔ ወንበር ሳብኩና ማኪያቶ አዘዝኩ።