ማን አባረረህ?

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለአላምረው ንጉሴ፣ ድሬዳዋ።

ለጤናህ እንዴት ነህ? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? የሲሚንቶ መጋዘኑ አቧራ አልጎዳህም? ያ ክረምት ላይ የጀመረህ ሳልስ ለቀቀህ ወይ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ከብቶቹም ደህና ናቸው። ይህን ሁሉ የጠየቅሁህ ከልቤ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈውም ከልቤ ነውና ተናዳለች ብለህ እንዳትጥለው፣ እስከ መጨረሻው አንብበው። በስልክ ብጀምረው እንደምትዘጋብኝ ስለማውቅ ነው ለእረፍት መጥቶ በነበረው በሥራ ባልደረባህ በዘካርያስ እጅ የላክሁልህ።

አምና ኅዳር ላይ የሆነውን አትረሳውም። ንፋስ መውጫ ኮሌጅ ገብቼ ኤሌክትሪክ መማር ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። በስሌት ፈተና ከመቶ አርባ አንድ አመጣሁ። ወረቀቱን እንደያዝኩ የደወልኩት ላንተ ነው፤ የሚያጽናናኝ ዩኒቨርሲቲን ያየው ወንድሜ ነው ብዬ። ምን አልከኝ? «ነግሬሽ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁትን እኔን ያባረሩ አንቺን ሊያስተምሩሽ ነው? የኛ ቤት ልጅ ጭንቅላቱ ለዚህ አይሆንም። ሳትዋረጂ ውጪ» አልከኝ። አንድም ቃል አልጨመርኩም። ለወራት ስደግመው ስለከረምኩ በቃሌ ይዤዋለሁ።

ወጣሁ። ፍራሼን ጠቅልዬ በአይሱዙ አርብ ገበያ ወረድኩ፤ ከዚያ በእግሬ ቤት ገባሁ። አባታችን ማጭድ ሰጡኝና ገብስ አጨዳ ገባሁ። እናታችን «እንኳንም በጊዜ አወቅሽው» አለችኝ። አላዘኑም እኮ አላምረው! አንተ ተባረርኩ ያልክ ጊዜ ያለቀሱት ለሁላችንም ነበር። የስሌት አስተማሪዬ መምህርት ርብቃ ሦስት ጊዜ ደውላ አላነሳሁላትም። አንተን ካመንኩ በኋላ እሷን ምን ልበላት?

እዚያው አምና የካቲት ላይ ዐረብ አገር ለመሄድ ቆርጬ፣ ለፓስፖርት የሚሆን የልደት ወረቀት ላወጣ ንፋስ መውጫ መዘጋጃ ቤት ሄጄ ተሰለፍኩ። ጸሐፊዋ «ትዝታ ንጉሴ» ብላ ስትጠራኝ ከኋላዬ የተሰለፈ ሰው «አላምረው ንጉሴ የሚባል ወንድም አለሽ? ቁርጥ እሱን ነሽ» አለኝ። ካሌብ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም የነበራችሁት የእስቴው ልጅ። ዛሬ የውሃ መሐንዲስ ነው። ከተባረረ ወዲህ ድሬዳዋ ነው ስለው ግንባሩን ቋጠረ።

«ማን አባረረው?» አለኝ። «ማስጠንቀቂያ ነው የተሰጠው። እኔም ተሰጥቶኛል፤ የእኔማ ነጥብ ከሱ ያንስ ነበር። የሚቀጥለውን ፈተና አብረን ልንገባ ተቀጣጥረን አዳራሹ በር ላይ ብጠብቀው ቀረ። ዶርም ስመለስ አልጋው ባዶ ነው። ‹አልችለውም፣ ተወኝ› የሚል ብጣሽ ወረቀት ትራሴ ላይ ትቶልኛል።»

ሰባት ዓመት አላምረው! ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን በሆድህ ይዘህ እኛን አንገት አስደፋኸን። ማንም ሳያስወጣህ በገዛ እግርህ ወጥተህ፣ በሩ ለሁላችንም የተዘጋ ነው ብለህ ነገርከን። ፈርተህ መውጣትህ አይደለም የሚያንገበግበኝ፤ እኔም ፈርቼ ወጥቻለሁ። «ፈራሁ» ማለት ሲገባህ «የኛ ቤት ልጅ አይችልም» ማለትህ ነው። ለዚህስ ማን ፈቀደልህ?

ያን ቀን ወረቀቱን ሳላወጣ ከሰልፉ ወጥቼ ኮሌጅ ሄድኩ። መምህርት ርብቃ እስኪበቃት ተቆጣችኝና ያቋረጥኩትን ከአዲሶቹ ጋር እንድደግም አስመዘገበችኝ። ጭንቅላቴን አልቀየርኩም፤ ያው አርባ አንድ ያመጣው ነው። ድሮ ስሌቱ እምቢ ሲለኝ «ይኸው፣ አላምረው ያለው ደረሰ» ብዬ ደብተሬን እዘጋ ነበር። አሁን «የቱ ጋ ነው የሳትኩት?» ብዬ ከላይ እጀምረዋለሁ። ሰባ ሦስት አመጣሁ። የብቃት ምዘናውን በመጀመሪያው ወደቅሁ፤ ሁለት ቀን አለቀስኩ፤ ተመልሼ ተፈተንኩና አለፍኩ።

ከዘንድሮ መጋቢት ወዲህ እዚህ ወገዳ አዲስ በሚሠራ ጤና ጣቢያ መብራት ከሚዘረጉት ጋር ተቀጥሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት የማዋለጃ ክፍሉን መስመር ብቻዬን ዘርግቼ ሳበራው ብሬከሩ ወረደና መብራቱ ጠፋ። አንዱ ሠራተኛ «ድሮስ ሴት» ብሎ ሳቀ። አንድ በአንድ ፈትሼ የተላጠውን ሽቦ አገኘሁት። በራ። ደስ ሊለኝ ሲገባ አንተ ላይ ነደድኩ፤ ለዚህ ቀን አንተ ከእኔ ቀድመህ ትበቃ ነበር።

አሁን የምልህን ስማ። ታናሻችን ምሥራቅ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ከክፍሏ የሚቀድማት የለም። የሚኒስትሪ ፈተናው ሰኔ ላይ ነው። አልፈተንም ብላለች። ለምን ስላት «አላምረውን ካባረሩት እኔን ምን ያደርጉኛል?» አለችኝ። አንተው ትናገረዋለህ ብዬ ካሌብ ያለኝን እስካሁን ለማንም አልተነፈስኩም፤ ለእሷ ልነግራት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ከእኔ ከሰማች ወንድሟን ትንቃለች፤ ከአንተ ከሰማች ግን ትፈተናለች። ደውልላት። አልተባረርኩም፣ ፈርቼ ነው በላት። አጭር ነው፤ ለመናገር ደቂቃ አይፈጅም። ሰኔ ሳይገባ ካልደወልክ እኔው እነግራታለሁ፤ ያኔ አትቀየመኝ።

እናታችን ጉንጭህን ትስምሃለች፤ ሳልህን በማር አስታግሰው ብላለች። ምሥራቅ እጅ ትነሳሃለች፤ መቼ ትመጣለህ ትላለች። ጎረቤታችን ገብረ ሕይወትም ሰላም በሉልኝ ብለዋል። አባታችን ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸውን ብቻ ያማቸዋል። ባለፈው እሑድ ቤት ሄጄ ሳለሁ፣ ከቅዳሴ በኋላ ከባሕር ዳር የመጣ አንድ የተማረ ሰው አግኝተው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ «ልጄን ከዩኒቨርሲቲ ያባረሩብኝ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አሁንም ይግባኝ ማለት ይቻል ይሆን?» ብለው ሲጠይቁት አጠገባቸው ቆሜ ሰማሁ።

እህትህ ትዝታ ንጉሴ
ስማዳ፣ ወገዳ
ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.