የክኒኑ ክስ እንዴት እንዳለቀ

ይድረስ ለባለቤቴ እናት፣ ለእኔም እናት ለሆኑት፤

እንደምን ከረሙልኝ? ወገብዎ እንዴት ይዞዎታል? መነጽርዎስ ተሠራ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን እርስዎን ዋሽቼ አላውቅም። የልጅ ልጅዎ ግን በጣም ደህና ናት። ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው «አያቴን ሳሚልኝ» ስትል «ታሚልኝ» ነው የሚወጣት።

የክሱን መጨረሻ እንድነግርዎ ሦስት ጊዜ ጽፈውልኛል። ዝም ያልኩት ረስቼዎት አይደለም። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር አፌን ምራቅ እየሞላው ነው። መጸየፍ ሰውን እንደ በሽታ አልጋ ላይ እንደሚጥል አላውቅም ነበር።

አስቀድሜ ለመጨረሻው ደብዳቤዎ መልስ ልስጥ። ሁለት ጨዋ ወጣቶች ቤትዎ መጥተው ደም ግፊትዎን በነፃ ለክተውልዎታል። የልጅዎን ሞት ሲሰሙ አብረውዎት አዝነዋል፤ እርስዎም ከልጅነቱ ጀምሮ ያለውን ሁሉ አጫውተዋቸዋል። «ስለ ልጄ የሚጠይቀኝ ሰው ከየት አገኛለሁ» ብለዋል። ምንም ጥፋት የለበትም። እናት ስለ ልጇ ብታወራ ማን ይፈርድባታል? ብቻ ተመልሰው ቢመጡ በር አይክፈቱላቸው። ቤት ለቤት የሚዞር መለኪያ ትክክል አይደለም ይባላል።

አሁን ወደ ክሱ። ልጅዎ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ወለል ላይ ተንበርክኮ ሴራሚክ ሲያነጥፍ ጉልበቱ ማለቁን ያውቃሉ። ሐኪሙ ያንን ነጭ ክኒን ሲያዝለት እንደ አዲስ ሰው ሆነ። ጠዋት ጠዋት በውኃ እያወራረደ «ይኸው ጉልበቴን ዋጥኩ» እያለ ያስቀን ነበር። ሁለት ዓመት ዋጠ። ደረቴን ይከብደኛል ሲለኝ የሲሚንቶ አቧራ ነው አልኩት፤ እኔ ነኝ ያልኩት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የሰው መታጠቢያ ቤት ውስጥ አራት ሴራሚክ ሲቀረው፣ እንደተንበረከከ ግድግዳ ተደግፎ ተገኘ። የቤቱ ባለቤት እረፍት የሚያደርግ መስሎት ሁለት ጊዜ አልፎት ሄዷል።

በዚያው ክኒን የተጎዳን ሰዎች ተሰባስበን ስንከስ አርባ አንድ ነበርን። አንደኛው ግማሽ አካሉ የማይታዘዘው ጡረተኛ አስተማሪ ነው። ጠበቃችን የቦርሳው ዚፕ ተበላሽቶ በመርፌ ቁልፍ የሚይዘው ሰው ነው፤ ሥራውን ግን ያውቅበታል። ከኩባንያው መዝገብ ውስጥ አንድ ደብዳቤ አስወጣ። የራሳቸው ሐኪም ክኒኑ ልብ እንደሚያቆም አስጠንቅቋቸዋል፤ ልጅዎ የመጀመሪያዋን ፍሬ ከመዋጡ ሦስት ዓመት በፊት! ከግርጌው አንድ አለቃ በእጁ «ለጊዜው አይነሳ፤ ገበያው ደርቷል» ብሎ ጽፎበታል። እማማ፣ የእጅ ጽሑፉ እንዴት እንደሚያምር ቢያዩ! እንደ ሠርግ ጥሪ ነው።

የኩባንያው ጠበቃ ከረሜላ የሚመጥ ሰው ነው። በአንድ እጁ የልጅዎን የአስከሬን ፎቶ ይዞ በሌላው የከረሜላ ወረቀት ሲገልጥ በዓይኔ አይቻለሁ። በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ «ተጠቃሚው» ነው የሚለው። ጨው ያበዛ ነበር ወይ፣ ትጣሉ ነበር ወይ፣ ያንኮራፋ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እርስዎስ አያንኮራፉም ወይ አልኩት። ሰው ሳቀ፤ ዳኛዋ ገሠጹኝ።

ቀጥሎ ያለውን እኔ ባልነግርዎ ጋዜጣ ላይ ስለወጣ ከሌላ ይሰሙታል። ከማኅደሩ አንድ ወረቀት መዘዘና «ተጠቃሚው በዘጠኝ ዓመቱ ኳስ ሲጫወት ራሱን ስቶ ወድቋል፤ ልቡ ከልጅነቱ ደካማ ነበር» ብሎ አነበበ። ቁርስ ሳይበላ ፀሐይ ላይ የዋለ ልጅ የልብ በሽተኛ ተደረገ! ውኃ ሲረጩበት ተነስቶ ያንኑ ኳስ መልሶ መለጋቱን ወረቀታቸው ዘሎታል። ከየት እንዳገኙት እንጃ። ያኔ ክሊኒክ ወስደውት አልነበር? ከድሮ ካርድ ላይ ይሆናል። እርስዎ አይጨነቁበት።

ስንወጣ ባለ ከረሜላው ጠበቃ መተላለፊያው ላይ ጠጋ አለኝ። አፉ ሚንት ሚንት ይሸታል። ካሣ እንከፍልሻለን፤ አንቺም ባልሽ ድሮም ሕመምተኛ እንደነበር አምነሽ ትፈርሚያለሽ፣ ከእንግዲህ ስለ ክኒኑ ለማንም ትንፍሽ አትዪም አለኝ። እምቢ አልኩት። የተናገርኩትን አልጽፍልዎትም፤ እርስዎን ያሳፍራል። እሱ ግን ቆጣ እንኳን አላለም። እንግዲያው አንድ ምስክር እናስጠራለን አለና ስም ጠራልኝ።

እርስዎ የማያውቁት ሰው ነው።

ያ ስሙ የተጠራው ሰው የምስክር ሳጥን ውስጥ ቆሞ፣ የሚይዘው አጥቶ እንጨቱን ጨብጦ ታየኝ። በቅንነት ያወራው ነገር ለምን እንደዋለ እዚያው ሰው ሁሉ እያየው ሲገባው ታየኝ። የኩባንያው ጠበቃ የዘረጋልኝን ስክሪብቶ ተቀበልኩ። ጠበቃችን ደንግጦ እጄን ያዘኝ፤ ልናሸንፍ እንችላለን እኮ አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ስክሪብቶው ላይ የክኒኑ ስም ታትሟል፤ ለሐኪሞች የሚያድሉት ዓይነት ነው። በእሱ ፈረምኩ። የኩባንያው ጠበቃ ከረሜላ ጋበዘኝ፤ እግዜር ያሳይዎ፣ ከረሜላ!

ሌሎቹ አርባዎቹ ክሳቸውን ቀጥለዋል። ጡረተኛው አስተማሪ በደህናው እጁ ጨበጠኝ፤ ለምን አላለኝም። እርስዎም ለምን አይበሉኝ። ደክሞኝ ነው የፈረምኩት። እንደዚህ ብለው ይያዙልኝ።

ይህን መጻፌም ውል ማፍረስ ነውና አንብበው ይቅደዱት። አንድ ነገር ግን ልለምንዎ። ልጅዎ በምን ሞተ ብሎ የሚጠይቅዎ ሲመጣ፣ ጤነኛ ነበር፣ ክኒን ነው የገደለው ይበሉ። ገበያም ቢሆን፣ ሠርግ ቤትም ቢሆን፣ ጮክ ብለው ይበሉት። እኔ ፈርሜያለሁና አልችልም። እርስዎ ግን አልፈረሙም።

ወገብዎን ያጽናልኝ፣ ዓይንዎን ያብራልኝ። ያልፈረመ አንደበትዎን ለብዙ ዘመን ያቆይልኝ።

የልጅዎ ሚስት፣
የእርስዎም ልጅ