ቤቴን ታሪካዊ ስላደረጉልኝ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ደግፌ ሲሳይ
«ታሪካዊቷን ከተማ በእግርና በካሜራ» የተሰኘው ጉብኝት አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሴቻ፣ አርባ ምንጭ

መጋቢት 1989 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎ፣ ትጉህዋ ጸሐፊዎ፣ እንዲሁም ቅዳሜ ቅዳሜ ከሴቻ እስከ ታችኛው ሰፈር እስከ ሲቀላ ቁልቁል የሚራመዱት ጎብኚዎችዎ በሙሉ በጤና እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኛ የሲቀላዎቹ ከጣሪያችን ከሚወርደው ውኃ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

ስሜ ዳልጮ ኦይታ ይባላል፤ በጡረታ ላይ ያለሁ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በስም ባያውቁኝ እንኳ፣ ኮሚቴዎ ካሜራ ያነገቱ ሰዎችን እየመራ የሚያመጣበት፣ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ያለበት ግቢ ባለቤት መሆኔን ስነግርዎ ፈገግ እንደሚሉ አልጠራጠርም። ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግሁት ኮሚቴዎ የዋለልኝ ውለታ በእኔና በእርስዎ መካከል ተደብቆ እንዲቀር ኅሊናዬ ስላልፈቀደልኝ ነው። ውለታው ብዙ በመሆኑም በተራ ቁጥር ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፤ ቤቴን በአንድ ቀን ስላስረጁልኝ አመሰግናለሁ። የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ከጨንቻ ወደዚህ ሲወርድ እኔም አብሬ በእግሬ ወርጄ፣ ጫካ መንጥሬ፣ ጭቃውን ራሴ ረግጬ ያቆምኩት ቤት ነው። ያኔ እኔም ከተማዋም ወጣቶች ነበርን። አስጎብኚዎ አቶ በርናባስ ግን ከጓሮ አጥሬ ውጭ ባለው መተላለፊያ ቆሞ፣ ታሪካዊው ሕንፃ የሦስት መቶ ዓመት ዕድሜ እንዳለው፣ አንድ የጥንት ንጉሥም በዚህ ሲያልፉ ለብቻቸው ገብተው የአገር ጉዳይ ያሰላስሉባት የነበረች ጠባብ ክፍል እንደሆነች ሲናገር በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። ቤቴ ባለ ሦስት ክፍል ስለሆነ ይህች ጠባብ ክፍል የትኛዋ እንደሆነች ለጊዜው አልገባኝም ነበር።

በርናባስ የቀድሞ ተማሪዬ መሆኑን እዚህ ላይ ብጠቅስ አይከፋዎትም። በዚያን ዘመን በታሪክ ፈተና ግማሽ ገጽ መሙላት ያቅተው ነበር፤ ዛሬ ያለ አንዳች መጽሐፍ ሦስት መቶ ዓመት ሲሞላ በማየቴ ልፋቴ ከንቱ እንዳልቀረ ተረድቻለሁ። ቤቱን የሠራሁት እኔው ነኝ ብዬ በትሕትና ላርመው ስሞክር፣ አባባ ዕድሜ ስለተጫናቸው ይዘነጋሉ ብሎ ለጎብኚዎቹ ካስረዳ በኋላ፣ በጎን በኩል ሲታዩ ስለሚያምሩ በጎን አንሷቸው ሲል ጋበዛቸው። ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ወይዘሮም ንጉሡን በዓይኔ አይቻቸው እንደሆነ በአክብሮት ጠየቀችኝ።

ሁለተኛ፤ ስለ ዝንጀሮዎቹ አመሰግናለሁ። ቀደም ሲል ከጫካው የሚወጡት ዝንጀሮዎች የእኛን ግቢ ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ፣ በአጥራችን ሥር አልፈው ወደ ኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ እርሻዎች ይወርዱ ነበር። አሁን ግን ጎብኚዎችዎ ቆርቆሮ ላይ የተቀመጠ ዝንጀሮ ፎቶ ለማንሳት ሲሉ ሙዝ ወደ ጣሪያዬ ስለሚወረውሩ፣ ዝንጀሮዎቹ ቅዳሜን ከሌላው ቀን ለይተው አውቀዋል። ከጎብኚዎቹ ቀድመው መጥተው ቦታ ይይዛሉ። ጎብኚዎቹ የዘገዩ እንደሆነ ደግሞ ተቆጥተው ቆርቆሮውን ይደበድባሉ፤ ዝገት ሲበላው የኖረ ቆርቆሮ ስለሆነ ባለፈው ጥር ወር ወንፊት ሆኖ አረፈ።

በዚሁ ተራ ቁጥር ሥር ቀዩ ብርድ ልብሳችንም ይመዝገብልኝ። በርናባስ ለፎቶው ቀለም ያስፈልገዋል በማለት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብርድ ልብሱ ታጥቦ ገመድ ላይ እንዲሰጣ አዝዞናል። ንጹሕ ነው ብንለው፣ ሲንጠባጠብ ነው ውበቱ አለን። ስለዚህ ሲዘንብ ጣሪያው፣ ሳይዘንብ ብርድ ልብሱ እያንጠባጠበልን ቤታችን ያለ ውኃ የዋለበት ቅዳሜ የለም።

ሦስተኛው የባለቤቴ የወይዘሮ ጌጤ አቤቱታ ነው። ጉብኝቱ ከተከፈተበት ዕለት ጀምሮ ጻፍልኝ እያለች ወጥራ ይዛኛለች። ይሁን እንጂ ለተከበረ ሰው በሚጻፍ ደብዳቤ መሐል መግባቱ ነውር መስሎ ስለታየኝ፣ ከብዙ ልመና በኋላ ከፊርማዬ በታች እንዲወርድ ተስማምተናል።

አራተኛውን ስጽፍ ትሕትናዬ ጥቂት ቢጎድል ይቅር ይበሉኝ። ልጄን አቢጋኤልን ለመጠየቅ ባለፈው ወር ከጨንቻ ሽማግሌዎች ወርደው ነበር። እሷና ሽማግሌዎቹን የላከው ወጣት በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ተዋውቀው፣ እሱ ሥራ እስኪይዝ ለዓመታት ሲጠባበቁ የቆዩ ናቸው፤ እኔና እናቷም ይህን ቀን ስንናፍቅ ኖረናል። ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት ያልታሰበ ዝናብ መጣ። ወንበሮቹን ከጠብታው እያሸሸን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ስንዞር ቆይተን፣ በመጨረሻ የሽማግሌዎቹ ተናጋሪ አቶ ወልደ ሚካኤል ጃንጥላቸውን እቤት ውስጥ ዘረጉ። ስለ መጡበት ጉዳይ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊጀምሩ ሲሉም በርናባስ በሩን ከፍቶ ጎብኚዎቹን አስገባ።

ስብሰባው የጥንት ችሎት እንደሆነ፣ ጃንጥላ የተዘረጋላቸውም ዋናው ዳኛ እንደሆኑ ወዲያውኑ አብራራ። ሽማግሌዎቹ ፎቶ እንዴት እንደሚነሡ የሚያውቁ ሰዎች ናቸውና፣ ሁሉም ብድግ ብለው፣ እጃቸውን ወደ ታች ዘርግተው፣ ጥርሳቸውን ሳያሳዩ ቀጥ ብለው ቆሙ። ብልጭታው ሲያበቃ ግን አቶ ወልደ ሚካኤል ልጅ የሚጠየቀው ከሰው ቤት ነው እንጂ ከሙዚየም አይደለም አሉ። ጣሪያው ሲስተካከል ላኩብን፣ ከፋሲካ በፊት ካልላካችሁብን ግን ልጅ አንሰጥም እንዳላችሁን እንቆጥረዋለን ብለው ወጡ። አቢጋኤል ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ያን ዕለት የልጄን ለቅሶ ስሰማ በጣም ነው የተናደድኩት፤ ይህን አልደብቅዎትም።

አምስተኛ፤ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ያለችኝን ጥሪት አሟጥጬ አዲስ ቆርቆሮ ገዝቼ ግቢ ውስጥ በከመርኩ ማግስት፣ የኮሚቴዎ ትእዛዝ ከነማኅተሙ ደረሰኝ። «በሰብሳቢው ቢሮ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ፎቶግራፍ የሚታየው ታሪካዊ ሕንፃ ጣሪያውም ሆነ ግድግዳውና በሩ እንዳይነካ፣ እንዳይታደስ» ይላል። ፋሲካም ዝናቡም እየተቃረቡ ነው፤ አዲሱ ቆርቆሮ መሬት ላይ፣ አሮጌው አናታችን ላይ ነው። ስለዚህ ልለምንዎ በሚኒባስ ወደ ሴቻ ወጣሁ።

ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ። ጸሐፊዎ ግን ሽበቴን አይታ ቢሮዎ ውስጥ ወንበር ሰጠችኝና ከፎቶግራፉ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። እርስዎ ከረባት አስረው፣ በጉብኝቱ መክፈቻ ዕለት የታሪካዊውን ሕንፃ በር በእጅዎ ደገፍ ብለው ቆመዋል፤ ክፈፉም ወርቃማ ነው። የመጣሁት በንዴት ነበር፤ ፎቶግራፉን አተኩሬ ካየሁ በኋላ ግን ልቤ ረጋ። ጸሐፊዎን አመስግኜ፣ እርስዎን ሳልጠብቅ፣ በእግሬ ወደ ሲቀላ ወረድኩ። መንገድ ላይ ብቻዬን ስስቅ ያዩኝ ሰዎች በርናባስ ስለ እኔ የተናገረውን ሳያምኑ አልቀሩም።

ስለሆነም የኮሚቴዎን ትእዛዝ ቃል በቃል እንደማከብር በዚህ ደብዳቤ በሕዝብ ፊት አረጋግጣለሁ። እግዚአብሔር የእርስዎንም ዕድሜ እንደ ቤቴ በአንድ ቅዳሜ ሦስት መቶ ዓመት ያድርስልኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በጎን በኩል ሲታይ የሚያምረው ቅርስዎ
ዳልጮ ኦይታ
ሲቀላ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር

ማስታወሻ፦ ቢሮዎ ውስጥ የተሰቀለው ፎቶግራፍ ከጓሮ በኩል የተነሣ ስለሆነ ቤቴን ማንጎው ጨርሶ ጋርዶታል። እጅዎን በክብር ያሳረፉበት በር የሽንት ቤታችን በር ነው። አምና በጤና ዘመቻው ጊዜ እኔና ጌጤ ከፈረሰ ጎተራ እንጨት ሠራነው፤ ያረጀ የሚመስለውም በእንጨቱ ምክንያት ነው። ንጉሡ ለብቻቸው ያሰላስሉባት የነበረች ጠባብ ክፍል የትኛዋ እንደሆነች የገባኝ ያኔ ነው። በትእዛዝዎ መሠረት ሽንት ቤቱን ጫፉን አልነካነውም፤ የቤቱን ጣሪያ ግን ሐሙስ ዕለት ለውጠን ጨርሰናል። ሽማግሌዎቹም የፊታችን ቅዳሜ ይመለሳሉ፤ አቢጋኤል ከአሁኑ ወንበር መወልወል ጀምራለች። የዚያን ዕለት እንግዳ ስለሚበዛብን፣ ጎብኚዎችዎ ታሪካዊውን ሕንፃ ለማየት ከመጡ ወረፋ መጠበቅ ግድ ይሆንባቸዋል።

ሦስተኛው አቤቱታም ይኸውና፦ በመክፈቻው ዕለት ፎቶ አንሺው ትንሽ ቀና ይበሉ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ጠጋ ይበሉ እያለ እርስዎን በሩን አስደግፎ ያን ያህል ጊዜ ሲያቆምዎት፣ ጌጤ ውስጥ ነበረች።