«ቡናማ» ብለሽ የጻፍሽው አበባ

ሐሙስ ጠዋት፣ ጥቅምት 9

ለምወዳት፣ ዛሬ ግን ክፉኛ ለተቆጣሁባት ልጄ፣

ደህና ነሽ ወይ ብዬ እንዳልጀምር ደሜ ፈልቷል። ፊደሌ ቢገዝፍም አትገረሚ፤ ተናድጄ ነው።

አዲስ ዝርያ ነው ያልሽውን ግላዲዮለስ የተባለ የዱር አበባ መግለጫሽን እንደምንም አንብቤ ስጨርስ መነጽሬን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። ሰይፍ የመሰለውን ቅጠሉን፣ ከዘመዶቹ የሚለይበትን የዘሩን ክንፍ አሳምረሽ ገልጸሻል። አስተምሬሻለሁና ይህን አልነፍግሽም። ቀጥሎስ? «አበባው ፈዛዛ ቡናማ»!

ቡናማ የሆነው ደርቆ ነው፣ የኔ ምሁር! አባትሽ ነቅሎ ጋዜጣ መሃል ተጭኖ ካደረቀው ስንት ዘመኑ! ቀይ ነው፤ እሳት የመሰለ ቀይ፣ ጉሮሮው ላይ ቢጫ ሰረዝ ያለው። በእርግጥ እሱም ቀለሙን መለያ ወረቀቱ ላይ አልጻፈም። ተማሪዎቹን «ትኩሱን እያያችሁ ጻፉ!» እያለ ሲጨቀጭቅ የኖረ ሰው፣ ተራው ሲደርስ «ይህን ማን ይረሳዋል?» ብሎኝ አለፈ። ትከሻው ላይ ሆና ያየችው ልጁ እንደምትረሳው በምን ይወቅ? ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው።

ደግሞ በስሙ ልትሰይሚው! ቀብሩ ላይ ያልቆምሽ ልጅ፣ የሱ ባልሆነ መልክ ስሙን ልታስጠሪ? አንዴ ከታተመ እኮ ስሙ ከዚያ አበባ ጋር ይኖራል።

«ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ» ትያለሽ። አልልክም! የቀብሩንም ፎቶ ነው የላክንልሽ።

ባለፈው እሁድ ልብስ ሰፊዋን ጎረቤታችንን ይዤ ኮረብታው ላይ ወጣሁ። አብቧል። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ቡናማ ነው። የደረቀ መስሎኝ ነካሁት፤ እርጥብ ነው። ልብስ ሰፊዋ ከኋላዬ፣ «እትዬ፣ ምን ዓይነት ቀይ ነው! እንዲህ ያለ ክር ባገኝ!» አለች።

«አዎ፣ ቀይ ነው» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

መግለጫሽን አላርመውም፤ እንዳታሳትሚውም። ሳይረግፍ ነይና ራስሽ እዪው። እየነገርሽኝ እሰማለሁ።

አምላክ መንገድሽን ያቅናው። ኮረብታውን አባትሽ ትከሻው ላይ ተሸክሞ አውጥቶሻል፤ አሁን አንቺ እጄን ይዘሽ ታወጪኛለሽ።

ቁጣዋ ያልበረደላት እናትሽ